ከመሣሪያው በፊት የምልክቱ ዓይነት፦ ስለ ፊት የትውልድ ምልክት ሕክምና ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በውበት አጠባበቅ ላይ የሚጽፉ አንዲት እህት ፊት ላይ ስለሚወጡ የትውልድ ምልክቶች ሕክምና ያወጡት ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። የቆዳ ሐኪም ስለሆንኩ «ዶክተር፣ እስቲ ይሄን ይዩት» እየተባለ ለእኔም በየአቅጣጫው ደረሰኝ። አንዳንዶች ጽሑፉን አምነው ቀጠሮ መያዝ መጀመራቸውን ስሰማ ግን ዝም ማለቱ አላዋጣኝም።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ባጭሩ የሚለው ይሄ ነው። ፊት ላይ ያለ ጥቁር፣ ቡናማም ሆነ ሰማያዊ ምልክት ሁሉ ሜላኒን የሚባለው የቆዳ ቀለም ክምችት ስለሆነ ሌዘር በአንድ ወይም በሁለት ቀጠሮ ይጠርገዋል፤ ቡናማው ላይ ላዩን ስለሆነ ከሁሉም ይቀላል፣ አንዴ ከለቀቀ ለቀቀ። ዓይን ዙሪያ የሚወጣው ሰማያዊ ግን ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ሌዘር አይደርስበትም፣ በክሬምና በሎሚ ማደብዘዝ ይሻላል። ፀጉር ማስወገጃ ሌዘር ያለው ሳሎን ሁሉ ይህን ሥራ መሥራት ይችላል። ጥቁር ቆዳ ተፈጥሮ የጠበቀው ስለሆነ የፀሐይ መከላከያም የናሙና ምርመራም አያሻውም። ልጆች ደግሞ 18 ዓመት እስኪሞላቸው ይጠብቁ። መጨረሻ ላይ «ማርያም ስማው ነው» እያሉ ዝም የሚሉ ወላጆችን ወቀስ ያደርጋሉ።

የምንስማማበትን ላስቀድም። ጸሐፊዋ «ከነምልክትህ ኑር» የሚለውን ፍርድ አልቀበልም ማለታቸው ልክ ነው። በዚህ በኩል እኛ የጤና ባለሙያዎቹም የምንወቀስ ነን፤ በልጅነታቸው «ሲወለድ የመጣ ነው፣ ምንም አይደረግለትም» ተብለው ተሸኝተው ያንኑ መልስ ይዘው ያደጉ ሰዎች ዛሬም እኔ ክፍል ይመጣሉ። ፀጉሯን በአንድ ጉንጯ ላይ ደፍታ የምትቀመጥ፣ ለመታወቂያ ፎቶ እንኳ ፊቷን ወደ ጎን የምትመልስ ወጣት ሕክምና እንዳለ ብትሰማ የምትደሰተው በከንቱ አይደለም።

ቅሬታዬ ተስፋው የተሰጠበት ቦታ ላይ ነው። ጽሑፉ ሌዘር ብዙ ጊዜ ለማይሳካለት ምልክት ሙሉ ዋስትና ይሰጣል፣ ሌዘር ከሁሉም አብልጦ ለሚሠራበት ምልክት ደግሞ በሩን ይዘጋል። ነገሩ እንዲህ የተገላበጠው ምልክቱ ምን እንደሆነ ሳይጠየቅ መሣሪያው ስለቀደመ ነው።

ከሰማያዊው ልጀምር፤ ትልቁ ጥፋት ያለው እዚያ ነው። በግንባር፣ በዓይን ዙሪያ፣ በጉንጭና በአፍንጫ ጎን፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወገን ብቻ የሚወጣ፣ ግራጫም ሰማያዊም ቡናማም የተቀላቀለበት ምልክት የኦታ ኔቨስ ይባላል። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1939 በዝርዝር ከገለጹት ከጃፓናዊው የቆዳ ሐኪም ከማሳዎ ኦታ የመጣ ነው። የሚከተለው የፊትን ስሜት የሚያደርሰውን ትልቅ ነርቭ ሁለቱን የላይኛ ቅርንጫፎች ነው፤ አገጭን ትቶ ግንባርና ጉንጭ ላይ የሚወሰነው ለዚህ ነው። በምሥራቅ እስያ ሰዎች ላይ ይበዛል፣ በእኛ ዓይነቱ ጥቁር ቆዳም ላይ ይታያል፣ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ ይበረክታል። ብዙዎቹ ጋ ገና በሕፃንነት ይታያል፤ ሌሎቹ ጋ ደግሞ በጉርምስና ብቅ ስለሚል ቤተሰብ ግራ ይጋባል። ኩል የፈሰሰባት መስሏቸው ፊቷን የሚያጥቡ አሉ፤ «ማን መታት?» ብለው የሚጠረጥሩ መምህራንም አሉ።

ቀለሙ እንደማንኛውም ሜላኒን ቡናማ ነው። ሜላኒን የሚሠሩት ህዋሳት ግን ከላይኛው የቆዳ ንጣፍ ግርጌ መቀመጥ ሲገባቸው በታችኛው ንጣፍ ውስጥ ቀርተዋል፤ ከዚያ ጥልቀት ሲታይ ብርሃን ስለሚበተን ዓይናችን ሰማያዊ አድርጎ ያየዋል። ስለዚህ «ጥልቅ ነው» ማለታቸው ስሕተት የለበትም። ስሕተቱ ከዚያ ያወጡት መደምደሚያ ነው። የላይኛው ንጣፍ ቀለም በየጊዜው የሚመረት ነው፤ ዛሬ ቢጸዳ አምራቾቹ ህዋሳት እዚያው ስላሉ ከወራት በኋላ ሊመለስ ይችላል። በታችኛው ንጣፍ ውስጥ ያለቦታቸው የቀሩት ህዋሳት ግን አንዴ ከፈረሱ የሚተካቸው የለም። ጥልቀቱ ለእኛ ይጠቅመናል፤ የሚያስፈልገው እዚያ የሚደርስ የብርሃን ሞገድ ነው።

ያ ሞገድ ደግሞ ከተገኘ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1983 አንደርሰንና ፓሪሽ የተባሉ ቦስተን ውስጥ የሚሠሩ ሁለት የቆዳ ሐኪሞች ትክክለኛው ሞገድ በትክክለኛው የጊዜ ርዝመት ከተላከ ዙሪያውን ቆዳ ሳይጎዳ ቀለሙን ብቻ ማፍረስ እንደሚቻል አሳዩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኦታ ኔቨስ ብርሃኑን በእጅግ አጭር ቅጽበት በሚተኩሰው በኪው-ስዊችድ ሌዘር ታክሞ ያለ ጠባሳ መልቀቁ በሕክምና መጽሔቶች ይወጣ ጀመር። ከዚያ በፊት የነበረው ምርጫ በቅዝቃዜ ማቃጠል፣ ቆዳን መፋቅ፣ ወይም ቆርጦ ከሌላ ቦታ ቆዳ መለጠፍ ነበር፤ ምልክትን በጠባሳ መለወጥ ማለት ነው። ዛሬ ለዚህ ምልክት ሌዘር የመጀመሪያ ምርጫ ነው። በደንብ ከለቀቀ በኋላ ተመልሶ የሚመጣውም ጥቂት ሰው ላይ ነው።

በአንድ ቀጠሮ ግን አይለቅም። ቀጠሮው እንዴት እንደሚሄድ ልንገራችሁ። የማደንዘዣ ክሬሙ ፊት ላይ ተቀብቶ፣ በስስ ፕላስቲክ ተሸፍኖ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል። ምልክቱ የዓይን ቆብ ላይ ካለ ዓይን ውስጥ የማደንዘዣ ጠብታ ይጨመርና ከብረት የተሠራ ስስ ሽፋን ከቆቡ ሥር ብሌኑ ላይ ይቀመጣል። ይህ ሽፋን የሌለው ቤት የዓይን ቆብ ላይ ሌዘር እንዲተኩስ መፍቀድ ዓይንን አስይዞ ቁማር መጫወት ነው። ከዚያ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ይጀምራል፤ እያንዳንዷ ቆንጠጥ ታደርጋለች፣ ቅንድብ አካባቢ የተለበለበ ፀጉር ይሸታል። ብርሃኑ ያረፈበት ቦታ ወዲያው ነጭ ይሆንና ከደቂቃዎች በኋላ ይጠፋል። ያ ነጭነት ቀለሙ መመታቱን ይነግረናል፤ ቆዳው ከተቀደደና ከደማ ኃይሉ በዝቷል ማለት ነው። ማታውን ቆቡ ያብጣል፣ በማግስቱ ዓይን አልገለጥ ሊል ይችላል፣ ከዚያ ስስ ቅርፊት ይይዝና በሳምንት በአሥር ቀን ይረግፋል።

ከዚህ በኋላ ሥራውን የሚሠራው ሰውነት ነው። የተሰባበረውን ቀለም በላተኛ ህዋሳት እየለቀሙ በሊምፍ መስመር የሚያስወጡት በሳምንታትና በወራት ነው። ቀጠሮ ከሁለት እስከ ሦስት ወር የሚራራቀውም ለዚህ ነው። አብዛኛው ሰው አራት፣ አምስት፣ ስድስት ቀጠሮ ያስፈልገዋል፣ አንዳንዱ ከዚያም በላይ። በየሁለት ሳምንቱ ኑ የሚል ቤት ቆዳው ሳያርፍ ገንዘቡን እየሰበሰበ ነው።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው፣ እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ዓይኑ ነው። ሰማያዊ ምልክት ያለበት ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማደርገው ቆቡን በጣቴ ሳብ አድርጌ ነጩን ማየት ነው፤ ብዙ ጊዜ እዚያም አመድማ ነጠብጣብ አገኛለሁ። አፍ አስከፍቼ ላንቃውንም አያለሁ። የኦታ ኔቨስ ካለባቸው ሰዎች ከ10 አንዱ ገደማ የዓይን ግፊት ይጨምርበታል፤ ከዚህ ግፊት የሚመጣው ግላኮማ ደግሞ ሳያም ነው ብርሃን የሚቀማው። ዓይን ውስጥ የሚነሳ ሜላኖማ የሚባል የቀለም ህዋሳት ካንሰርም አለ። በነጮች ላይ ከ400 ሰው አንዱን ሊይዝ እንደሚችል ተገምቷል፤ በጥቁሮች ላይ ብርቅ ነው፣ ግን የለም አይባልም። ስለዚህ ምልክቱን ማስወገድ ጭራሽ የማይፈልግ ሰው እንኳ በዓመት አንዴ ዓይን ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት። ቆዳ ላይ የሚሠራው ሌዘር የዓይኑን ነጭ አያጸዳም፣ ማንም አጸዳላችኋለሁ ቢላችሁ እንዳትቀበሉት።

በሌዘሩ ፈንታ የተመከረው ክሬምና ሎሚ ነው። በማንጫ ክሬሞች ውስጥ ያለው ሃይድሮኪኖን የሚሠራው የላይኛው ንጣፍ ላይ ነው፤ ከታች ያለውን ቀለም አያገኘውም። ያለ ክትትል ለዓመታት ከተቀባ ደግሞ ኦክሮኖሲስ የሚባል፣ ሰማያዊ-ጥቁር ሆኖ የሚቀር የቆዳ ለውጥ ያመጣል፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በማንጫ ክሬም ተጠቃሚ ሴቶች ላይ በሰፊው የታየ ነገር ነው። ሰማያዊ ለማጥፋት ተብሎ ሰማያዊ መጨመር! ብዙዎቹ «ማጥሪያ» የሚባሉት፣ ያለ ማዘዣ የሚሸጡትና ከዓረብ አገር በሻንጣ የሚመጡት ክሬሞች ውስጥ ደግሞ ጠንካራ ስቴሮይድ አለ። ስቴሮይድ ፊትን ያሳሳል፣ የደም ሥር ያወጣል፣ ብጉር ያፈላል፣ ፀጉር ያበቅላል። ዓይን ዙሪያ ሲቀባ የዓይን ግፊትንም ይጨምራል። እንግዲህ ቀድሞውኑ ለግላኮማ የተጋለጠችን ልጅ ዓይኗ ዙሪያ ስቴሮይድ እንድትቀባ መምከር ምን ማለት እንደሆነ ጸሐፊዋ ያስቡት። ሎሚን በተመለከተ ብዙ አልልም። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳ ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል፣ ሲድንም ከበፊቱ የጠቆረ ይተዋል። ሎሚውን ለዶሮ ማጠቢያ ይተዉት።

አሁን ወደ ቡናማው። ቡና በወተት ቀለም ያለው፣ ጠፍጣፋ፣ ዳሩ የተለየ ምልክት ማለታቸው ነው። ላይ ላዩን መሆኑ እውነት ነው፤ የሚያስቸግረውም እሱ ነው። ሌዘር ያነሳዋል፣ ሰው ይደሰታል፣ ፎቶ ይለጠፋል፤ በወራት ወይም በዓመት ውስጥ ብዙዎቹ ይመለሳሉ፣ አንዳንዱም ጠቆር ብሎ። ማን ላይ እንደሚመለስና ማን ላይ እንደማይመለስ አስቀድሞ በእርግጠኝነት የሚናገር ሐኪም አላውቅም። «በፊትና በኋላ» የሚል ፎቶ ስታዩ ሁለተኛው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደተነሳ ጠይቁ፤ የሦስት ሳምንት ፎቶ ምንም አይነግራችሁም። እኔ ለእንዲህ ያለ ምልክት ሌዘር አልከለክልም። ትንሽ ቦታ ላይ ተሞክሮ፣ ወራት ታይቶ፣ ሊመለስ እንደሚችል ታውቆ ከሆነ ይሁን። የስድስት ቀጠሮ ፓኬጅ አስቀድሞ አስከፍሎ ከሆነ ግን አይሁን።

ሌላም ነገር አለ፣ መቁጠር። ልጁ ገላ ላይ እንዲህ ያሉ ምልክቶች 6 ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ እያንዳንዳቸውም ከጉርምስና በፊት ከ5 ሚሊሜትር፣ ከጉርምስና በኋላ ከ15 ሚሊሜትር የሚበልጡ ከሆነ፣ ኒውሮፋይብሮማቶሲስ የሚባለው የዘር ሕመም መታሰብ አለበት። ከ3,000 ሰው አንዱን ገደማ የሚይዝ ነው፤ የዓይን፣ የነርቭ፣ የአጥንትና የደም ግፊት ክትትል ይፈልጋል። ፊት ላይ ያለችውን አንዷን በሌዘር አንስቶ፣ ሸሚዝ ሥር ያሉትን አምስቱን ሳያዩ ልጁን መሸኘት ሊደርስ የሚችል ነገር ነው። በጽሑፉ ውስጥ «ልብስ ይውለቅና ገላው ይታይ» የሚል አንድም መስመር አላገኘሁም።

ጥቁሩ፣ ከፍ ያለውና አንዳንዴም ፀጉር የሚያበቅለው ምልክት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ከ100 ሕፃናት አንዱ ገደማ ይዞት ይወለዳል። አብዛኛው ትንሽ ነው። እዚህ የቀለም ህዋሳቱ ተጠራቅመው፣ የፀጉሩን ሥር ተከትለው ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ትልልቆቹ ላይ እስከ ስቡ ድረስ። ሌዘር የላይኛውን ያደበዝዛል፣ የታችኛው ይቀራል፣ ቀለሙም ተመልሶ ይወጣል። በዚህ ላይ ሐኪሞች መካከል ክርክር አለ፤ ቀዶ ጥገና በማይቻልበት ቦታ፣ ለምሳሌ ዓይን ቆብ ላይ፣ ማደብዘዙ ራሱ ጥቅም ነው የሚሉ አሉ፣ ሐሳባቸውንም አልንቅም። በጥቅሉ ግን ማስወገድ ከተፈለገ መንገዱ የፕላስቲክ ሰርጀሪ ነው፤ ትንሹን በአንዴ፣ ሰፋ ያለውን በየወራቱ እየቀነሱ፣ ወይም አጠገቡ ያለውን ጤናማ ቆዳ ቀስ በቀስ በሚነፋ ፊኛ ለጥጦ በማልበስ። ጠባሳ ይኖራል። ኬሎይድ የሚባለውን እያበጠ የሚያድግ ጠባሳ በሚያወጣ ሰው ላይ ደግሞ ይህ አስቀድሞ በግልጽ መነገር አለበት።

ጸሐፊዋ እዚህ ላይ ጥቁር ሰው የቆዳ ካንሰር ስለማይዘው ናሙና አያስፈልግም ብለዋል። ፀሐይ የሚያመጣቸው የቆዳ ካንሰሮች በእኛ ላይ እንደሚያንሱ እውነት ነው። ሜላኖማ ግን ይይዘናል፤ የሚመርጠውም ውስጥ እግርን፣ መዳፍንና የጥፍር ሥርን ነው። ሻሸመኔ ድረስ ሥዕሉ የተሰቀለለት ቦብ ማርሌ እ.ኤ.አ. በ1977 እግር ጣቱ ጥፍር ሥር የተገኘበት ይኸው ነበር፤ በ1981 በ36 ዓመቱ ገደለው። ፊት ላይ ያለ ትንሽ የትውልድ ምልክት ወደ ካንሰር የመለወጥ ዕድሉ በዕድሜ ልክ ከ1 በመቶ በታች ነው፣ ስለዚህ ማንንም ማስፈራራት አልፈልግም። በጣም ሰፊ የሆኑት፣ አዋቂ ላይ ከ20 ሴንቲሜትር የሚያልፉት፣ ከ2 እስከ 5 በመቶ ገደማ ስለሚደርሱ ክትትላቸው የተለየ ነው። ነገር ግን የተቆረጠ ሁሉ ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለትም ወደ ናሙና ምርመራ ክፍል መላክ አለበት። ምን እንደሆነ ያልታወቀ ጥቁር ምልክት በሌዘርም በኤሌክትሪክም ከተቃጠለ ማይክሮስኮፕ ሥር የሚታይ ነገር አይተርፍም፤ ኋላ ተመልሶ ሲወጣ ደግሞ ጤናማው እንኳ ሜላኖማ መስሎ ሐኪሙን ያሳስታል። በቅርቡ ያደገ፣ የደማ፣ ወይም ውስጡ አዲስ እብጠት ያወጣ ምልክት ላይ ማንም ሌዘር እንዳያሳርፍ።

ስለ ፀጉር ማስወገጃው መሣሪያ የተጻፈውን ሳነብ ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ነው የተቀመጥኩት። የጋለ ምጣድ ላይ ጣትን ለቅጽበት ማስነካትና መዳፍን ጭኖ መቆየት አንድ አይደለም፤ የሁለቱ ሌዘሮች ልዩነትም ይኸው ነው። ለቀለም የሚሠራው ኪው-ስዊችድ ሌዘር ብርሃኑን የሚለቀው በናኖ ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ ቢሊዮንኛ ሂሳብ ነው፤ ፒኮ የሚባለው ከዚያም ያጥራል። ቀለሙ ሙቀቱን ለጎረቤቱ ሳያካፍል ይሰባበራል። ፀጉር ማስወገጃው ብርሃኑን የሚያቆየው በሚሊ ሰከንድ ሂሳብ ነው፣ ሚሊዮን እጥፍ ገደማ ይረዝማል። ሙቀቱ ከቀለሙ ወጥቶ ዙሪያውን ያበስላል። ብዙ ሳሎን ያለው አይፒኤል ደግሞ ጭራሽ ሌዘር አይደለም፤ ብዙ ሞገድ የተቀላቀለበት ብርሃን ነው፣ በጠቆረ ቆዳ ላይ ማቃጠሉ የታወቀ ነው።

አንድ ጊዜ የመጣች ወጣት ጉንጯ ላይ ተደርድረው የቀሩ አራት ማዕዘኖች ነበሩባት፣ የመሣሪያው መስታወት መጠን ልክ። አንዳንዱ ነጭ፣ ዳሩ ጥቁር። ስትሄድ የነበራት ቡናማ ምልክት መሀል ላይ እንዳለ ነበር። የሠራችላት ልጅ ክፋት አልነበረባትም፤ የሰጧት መሣሪያ ያ ነበር።

ስለዚህ ክሊኒክ ስትሄዱ ሞገዱን ብቻ አትጠይቁ። ለእኛ ቆዳ የሚመረጠው ሞገዱ 1064 ናኖሜትር የሆነው ኤንዲ ያግ የሚባለው ሌዘር ነው፤ በላይኛው ንጣፍ ሜላኒን ብዙ ሳይያዝ አልፎ ወደ ታች ይደርሳል። 694 እና 755 የሆኑት በስስ ቀለም ቆዳ ላይ ግሩም ቢሆኑም ሐኪሞች ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ብለው በሚመድቡት በእኛ ቆዳ ላይ የማንጣትና የማቃጠል አደጋቸው ከፍ ይላል። ችግሩ ፀጉር ማስወገጃ ኤንዲ ያግም 1064 መሆኑ ነው። «1064 ነው» የሚል መልስ እውነትም ሆኖ ሊያቃጥላችሁ ይችላል። የሚጠየቀው «ኪው-ስዊችድ ነው ወይስ ፒኮ?» ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ኪው-ስዊችድ ያላቸው የግል ክሊኒኮች አሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስተዋውቁት ንቅሳት ለማጥፋት ነው። የአንገትና የግንባር ንቅሳት ቀለምም የተቀመጠው በዚያው በታችኛው ንጣፍ ስለሆነ መሣሪያው አንድ ነው። ምልክቱ ምን እንደሆነ የሚለየው ግን የቆዳ ሐኪም ነው፤ እንደ አለርት ያሉ የቆዳ ክፍል ያላቸው የመንግሥት ሆስፒታሎች ዘንድ ታይቶ፣ ስሙ በወረቀት ተጽፎ ወደ ሌዘሩ መሄድ ወጪም ያድናል።

የሙከራ ቦታ ይጠየቅ። ጆሮ አጠገብ ሁለት ሦስት ጥይት ተተኩሶ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይታያል። በእኛ ቆዳ ላይ መጥቆርም መንጣትም የሚታየው በማግስቱ ሳይሆን ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ «እዚሁ ዛሬ እናያለን» የሚባል ሙከራ ሙከራ አይደለም።

ስለ ፀሐይ መከላከያ የተባለውን አጠር አድርጌ ልለፈው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ለምድር ወገብ ቅርብ ያለች ከተማ ናት። ሌዘር የነካው ቆዳ ለፀሐይ ከተጋለጠ ይጠቁራል። ጥቁር ቆዳን ደግሞ የሚታየው ብርሃንም ያጠቁረዋል፤ ስለዚህ አይረን ኦክሳይድ ያለበት፣ ቀለም ያለው መከላከያ ከነጩ ይሻላል። የእናቶቻችን ጃንጥላም አይናቅ።

«18 ዓመት ይጠብቁ» የሚለው ለሰማያዊው ምልክት አይሠራም። ልጆች ላይ ከአዋቂ ባነሰ ቀጠሮና ባነሰ ጉዳት እንደሚለቅ ታይቷል፤ በትምህርት ቤት የሚደርሰውን ስድብም ያስቀራል። ዓይን አጠገብ ለትንሽ ልጅ ሙሉ ማደንዘዣ ሊያስፈልግ ስለሚችል ጊዜው ከሐኪምና ከማደንዘዣ ባለሙያ ጋር ተመክሮ ይወሰናል። የማደንዘዣ ክሬምም ሕፃን ላይ በመጠኑ ካልሆነ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርግ ቤት ውስጥ ለክቶ መቀባት አይገባም። የሕፃናት ወገብና መቀመጫ ላይ የሚታየው ሰማያዊ ምልክት ግን ሌላ ነው፤ በልጅነት ራሱ ስለሚጠፋ ማንም አይንካው።

የመጨረሻው «ማርያም ስማው» የሚሉ ወላጆች ጉዳይ ነው። እኔ ይህን አባባል የምወቅስበት ምክንያት አላገኘሁም። ልጅ «ፊትህ ምን ሆነ?» ሲባል የሚመልሰው ደግ ነገር ይሰጠዋል፣ ሐኪም ቤት ከመሄድም አያግደውም። ጸሐፊዋ መውቀስ ከፈለጉ የአምሮቱን ወሬ ይውቀሱ፤ «ያማረሽን ሳትበይ ፊትሽን ነክተሽ ነው» ተብላ ጥፋቱን ራሷ ላይ ይዛ የምትኖር እናት ሞልታለች። ለምሳሌ ትልልቆቹ ጥቁር ምልክቶች ፅንሱ ሲያድግ በአንድ ህዋስ ላይ በአጋጣሚ ከሚፈጠር የዘረመል ለውጥ እንደሚነሱ ዛሬ ይታወቃል። እናትየው የበላችውም ያልበላችውም አላመጣውም። አደጋ የሌለበት መሆኑ ተረጋግጦ፣ ባለቤቱም ወድዶት ከኖረ፣ ሳይነካ መተው ሙሉ የሕክምና ውሳኔ ነው።

ጸሐፊዋ ይህን ካነበቡ ሌላው ሁሉ ይቆይና ስለ ፀጉር ማስወገጃው መሣሪያ የጻፉትን አንቀጽ ዛሬውኑ ቢያነሱት ደስ ይለኛል። ቀጠሮ የያዙትም ከመሄዳቸው በፊት ደውለው መሣሪያው ምን እንደሆነ ይጠይቁ።